የ17 ዓመት ልጅ ሸክምና የሕይወት መስመሯ መቀየር፦ ረቂቄ የቱ ጋ ነው የሚላላው?

ጦሳ ሥር፦

ሰላም ለቤቱ። ሦስተኛ ረቂቅ ላይ የደረሰ ልብ ወለድ አለኝ፤ 24 ምዕራፍ፣ 62 ሺህ ቃል ገደማ። መቼቱ ደሴ ነው፤ ከጥር 2015 ጀምሮ አንድ ዓመት ይሸፍናል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሀያት 17 ዓመቷ ነው፤ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። እናቷ ሰዓዳ፣ ሀያት ሦስት ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ ዓረብ አገር ናት፤ መጀመሪያ ዱባይ፣ አሁን ሪያድ። ያሳደገቻት አያቷ ዘይነባ ናት። ሰዓዳ በሁለት ኮንትራት መሀል መጥታ የወለደችው አንዋር 9 ዓመቱ ነው፤ የሚያጥበውም የሚያስጠናውም ሀያት ናት። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ይጠብቃል። ምዕራፍ 14 ላይ ውጤት ይመጣል፤ 47 በመቶ። መንገዱ ሁሉ ይዘጋባታል። ምዕራፍ 16 ላይ ራሷን ልታጠፋ ትሞክርና አጎቷ ይደርስላታል። ምዕራፍ 18 ላይ ወደ ሪያድ ለመሄድ ትወስናለች።

ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «አሳዘነችኝ፤ ግን አላመንኳትም።» የምዕራፍ 14 መዝጊያ ይኸው፦

«ልቧ በሐዘን ተሰበረ። ዓለም ሁሉ ጨለመባት። እንባዋ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሕልሟ እንደ ጉም በነነ።»

የቱን ላጥብቅ?

ሰባተኛ ረቂቅ፦

እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ባሏ ለሞተባትም፣ ቤቷ ለተቃጠለባትም፣ እጮኛዋ ለከዳትም ይሆናሉ። ሀያት ውስጣቸው የለችም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ስሟን አውጥተሽ የሌላ ገጸ ባሕርይ ስም ተኪበት። ምንም ሳይጎረብጥ ከተነበበ የእሷ አይደለም።

የአፍላ ወጣት ሸክም ወረቀት ላይ ክብደት የሚኖረው በስሜት ስም ሲጠራ ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ሲሆን ነው፤ ሰዓት፣ ብር፣ ባልዲ ውኃ፣ የሚታጠብ ዩኒፎርም። አንቺ ዘንድ እኮ ዕቃው ሞልቷል። የኢትዮጵያ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሳዑዲ በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት 1,000 ሪያል ነበር። ሰዓዳ በወር 600 ብትልክ በ2015 የባንክ ምንዛሪ 8,700 ብር አካባቢ ይመጣል። ለሀያት አንድ ደብተር ስጫት፤ ገንዘቡን ከባንክ የምታወጣውና ሒሳቡን የምትይዘው እሷ ትሁን፤ አያቷ ማንበብ አትችልም እንበል። አንድ ገጽ እንዲህ ይሁን፦

«ሚያዝያ 2። ከሰዓዳ 600 ሪያል። ቤት ኪራይ 3,500። የአንዋር ጫማ 1,150። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት 640። የማታ ጥናት 800። ለእኔ የወጣው፦ 800።»

ሸክሙ ያለው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። ለአንዋር የወጣው ለብቻ አይደመርም፤ ለአያቷ የወጣውም አይደመርም፤ ለራሷ የወጣው ግን ይደመራል። አንባቢ ይህን ሲያይ «የዕዳ ስሜት ተሰማት» ተብሎ ሊነገረው አይገባም።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ደብተሩ ምዕራፍ 2 ላይ ተራ የቤት ሒሳብ ሆኖ ይግባ፤ ማንም አይጠርጥረው። ምዕራፍ 6 ላይ «ለእኔ የወጣው» የምትለዋ መስመር በየወሩ እንዳለች እናስተውል። ምዕራፍ 11 ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትደምረዋለች። ውጤት የመጣ ቀን ደብተሩን አትከፍተውም። ንግር (የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም) የምንለው ይኸው ነው፤ ምዕራፍ 13 ላይ ድንገት ብታመጪው ግን ለምዕራፍ 14 ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ሌላው፣ ፋይሉ ላይ «እንባ» እና «አለቀሰች» የሚሉትን ፈልጊና ቁጠሪያቸው። ለ24 ምዕራፍ ሦስት ይበቃሉ። አንዷንም ለውጤቱ ቀን አታውጪያት።

የእርማት ቀለም፦

ስለ ፈተናው ላርም። የ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሐምሌ ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው የተሰጠው፤ መጀመሪያ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ተፈጥሮ ሳይንስ። ተማሪው በአውቶቡስ ተጉዞ ገብቶ ግቢ ውስጥ ነበር የሚያድረው፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ስለዚህ «በፈተናው ዋዜማ እናቷ ደወለችላት» የሚል ምልልስ ካለሽ ይውጣ። እንዲያውም ዝምታው ይጠቅምሻል፤ ሀያት ለአንዋር ምሳ የማታስብባቸው፣ ማንም «አጠናሽ ወይ» የማይላት የዓመቱ ብቸኛ ቀናት ፈተናው ላይ ይወድቃሉ ማለት ነው።

ውጤቱ የወጣው በ2016 መስከረም መጨረሻ ነው። ከ845 ሺህ በላይ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ነው፤ 3.2 በመቶ። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ደግሞ 3.3 ነበር። ይህ ለታሪክሽ ትልቅ ጉዳይ ነው። «እሷ ብቻ ወደቀች» የሚለው ኀፍረት አይሠራም፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ነው የወደቀው። ኀፍረቷ ሌላ ምንጭ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው፦ በ47 በመቶ መንገዱ አይዘጋም። ከ50 በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው በዚያ ዓመት በሬሚዲያል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ይመደቡ ነበር፤ ለጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ወስደው ፈተናውን ሲያልፉ ወደ አንደኛ ዓመት ይገቡ ነበር። 47 ያመጣች ልጅ ያለ ጥርጥር ትመደባለች። ከምዕራፍ 14 በኋላ ያለው ሴራሽ በሙሉ የቆመው በሌለ ግድግዳ ላይ ነው።

ጦሳ ሥር፦

ይህ ግድግዳ እንደሌለ አላስተዋልኩም፤ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ውጤቱን ወደ 25 በመቶ ላውርደው?

የእርማት ቀለም፦

ማውረዱ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። እንደ ሀያት የምታጠና ልጅ 25 ካመጣች አንባቢ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ሌላ ሁለት ምዕራፍ ትጽፊያለሽ።

ሰባተኛ ረቂቅ፦

47ቱን አትንኪው። በሩ ክፍት ይሁንና እሷ አትግባበት። ያኔ የሕይወት መስመሯ የተቀየረው በመንግሥት ውሳኔ ወይም በዕድል ሳይሆን በራሷ እጅ ይሆናል፤ ረቂቅሽ የጎደለውም ይኸው ነው። አሁን ባለው ሴራ ሀያት አንድም ነገር አትወስንም፤ ውጤት ይወድቅባታል፣ አጎት ያድናታል፣ ጉዞ ይወስዳታል።

ለምን አትገባም? ከደብተሩ የተነሣ። ሳዑዲ የሚኬድበት ኮንትራት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ሀያት እናቷን የምታውቃት በኮንትራት ነው፤ «አንድ ኮንትራት ቀራት»፣ «ከዚህ ኮንትራት በኋላ ትመጣለች»። ሕክምና ሬሚዲያሉን ሳይጨምር ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ልጅቷ ዓመት አትቆጥርም፤ ሦስት ኮንትራት ተኩል ብላ ነው የምታስበው። ይህን ሒሳብ የምትሠራው ደግሞ በሐዘን ሰዓት አይደለም፤ አንዋርን ማባዛት እያስጠናች ትሥራው። «ሁለት ጊዜ ሦስት?» «ስድስት።» «ሁለት ጊዜ አራት?» መልሱን ሳትሰማው ትቀራለች። ተራኪው አንድ ቃል አይጨምር።

ጠጠር፦

እዚህ ላይ አልስማማም። እንዲህ አድርጎ የሚያሰላ የ17 ዓመት ልጅ አዋቂ ነው የሚሆነው። እናቷን ነፃ ለማውጣት ራሷን ሠዋች ማለት ጻድቅ ገጸ ባሕርይ ማድረግ ነው፤ ጻድቅን ደግሞ ማንም አያምንም። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ለአንድ ውሳኔ ሁለት ሦስት ምክንያት አለው፤ የሚናገረው ግን የሚያስከብረውን ብቻ ነው። የተከበረው ምክንያት ኮንትራቱ ይሁን። ከሥሩ ግን ቁጣ አለ፤ «እኔንም ትፈልገኝ እስቲ» የሚል ቁጣ። ከቁጣው ሥር ደግሞ ሬሚዲያል ገብታ ሁለተኛ ብትወድቅስ የሚል ፍርሃት። ሦስቱም ምዕራፍ 18 ላይ ይኑሩ፤ ጮክ ብሎ የሚነገረው ግን የመጀመሪያው ብቻ ይሁን። ቁጣው በሥራ ይታይ፤ ሰዓዳ የላከችውን ቀሚስ መለያው እንዳለ ለአክስቷ ልጅ ትስጣት።

ሰባተኛ ረቂቅ፦

ጠጠር ትክክል ነህ፤ ሒሳቡ ብቻውን ደረቅ ነው። ቀሚሱ ይግባ።

ወይራ ቅጠል፦

እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። መቼትሽ ደሴ፣ 2015 ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ሀያት ያኔ 16 ዓመት ቢሆናት ነው፤ 11ኛ ክፍል ነበረች። ባጠቃለልሽልን ታሪክ ውስጥ ስለዚህ አንዲት መስመር የለም። የደሴ አንባቢ መጽሐፉን የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው።

ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ የሚተረክ ትዕይንት) ጻፊ አላልኩም፤ ሦስት ገጽ የጦርነት ትዕይንት የሀያትን ታሪክ ይውጠዋል። በልማድ ይግባ። ማታ ማታ መታወቂያና የባንክ ደብተር በአንድ ፌስታል አድርጋ በሩ አጠገብ ሰቅላ የምትተኛ አያት ይበቃል። ወይም የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሯ ከመካከል ሁለት ወር ባዶ ይሁን፤ ቀኑ ይዘላል፣ የእጅ ጽሑፉም ከዚያ ወዲህ ይቀየራል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጅ ያንን ባዶ ቦታ ደጋግማ ታገኘዋለች። እንዲህ ከሆነ 47ቱ ራሱ ግማሽ ምክንያቱን ያገኛል፤ እሷ ግን ሰበብ አድርጋ አታነሣውም፤ «ሁሉም እኮ ያው ነው» ትላለች።

ሁለተኛው የመቼት ነገር ኢንተርኔት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። መስከረም መጨረሻ 2016 ደሴ ላይ አልጋዋ ውስጥ ሆና በስልኳ ድረ ገጽ እየከፈተች ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ልትኖር አትችልም። የመለያ ቁጥሯን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በስልክ ትናገራለች፤ እሱ አይቶ መልሶ ይደውላል። ውጤቷን ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ያውቀዋል ማለት ነው፤ ያ ሰው ደውሎ ከመናገሩ በፊት «ደኅና ናችሁ? አንዋር እንዴት ነው?» እያለ ሲያረዝም የሚሰማትን አስቢው።

በዚያ ላይ ሰዓዳ በኢሞ እያየች ነበር የምታወራት። ከነሐሴ ጀምሮ የቀራት ተራ ጥሪ ብቻ ነው፤ ውድ፣ አጭር፣ ፊት የሌለው። ሀያት ከዚህ በፊት መዋሸት ያልቻለችው እናቷ ፊቷን ስለምታይ ነበር። አሁን በድምፅ ብቻ መደበቅ ትችላለች። ሬሚዲያል እንደተመደበች ለሰዓዳ ሳትናገር ለወራት መቆየቷ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጦሳ ሥር፦

ፌስታሉንና የፊዚክስ ደብተሩን ወሰድኩ። የኢሞው ነገር ምዕራፍ 15 እና 17ን ከሥር ነው የሚቀይርልኝ። ምዕራፍ 16 ላይስ ምን ትላላችሁ? ሙከራውን ብተወው ሸክሙ የቀለለ አይመስልም?

የጥሞና ክፍል፦

አይመስልም። ራስን የማጥፋት ሙከራ የሸክም መለኪያ ተደርጎ ሲገባ ከዚያ በፊት የተጻፈው ክብደት ሁሉ «ይህ አልበቃም» የተባለ ይሆናል። ዓይነት፣ መጠንና አኳኋን የሚዘረዝር ትዕይንት ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላለ ወጣት አንባቢ አደገኛ ነው። በዚህ ላይ አጎትየው ደርሶ ማዳኑ ታሪኩን ወደ እሱ ያዞረዋል። የምትተዪው ከሆነ በደንብ ተዪው፤ የምታስቀሪው ከሆነ ሐሳቡ ብቻ ይኑር፣ አንድ ሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይጠይቃት። «መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ነው የሚሰጠው። ጠያቂው ወዲያው መፍትሔ አያቅርብ፤ አጠገቧ ይቀመጥ፣ ብቻዋን አይተዋት፣ ወደ ጤና ባለሙያ የሚወስዳትን ሰው ይፈልግ። በደሴ ያ ሰው የክፍል ጓደኛዋ ታላቅ እህት ብትሆን ከአጎት ይልቅ ታሳምናለች።

ከዚያ በፊት ግን የጭንቀቷን መልክ አስተካክይ። አንቺ የጻፍሻት ሀያት ዘወትር ታዝናለች። በዚህ ዕድሜ ድብርት ብዙ ጊዜ የሚታየው በሐዘን ብቻ ሳይሆን በብስጭትም ነው። ትንሽ ነገር ያቃጥላታል፤ አንዋር እርሳስ ሲያኝክ ትጮኽበታለች፤ በኋላ ያላኘከውን እርሳስ ሁሉ ቀርጻ ትደረድርለታለች። እንቅልፏ ይዛባል፤ ምግብ ትተዋለች ወይም ቆማ ከድስት ትበላለች። የምትወደውን ነገር ትተዋለች። ይህ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከቆየ ነው ባለሙያ የሚያሳስበው፤ ስለዚህ በአንድ ምዕራፍ አታከማቺው፤ ከ12 እስከ 17 በትነሽ አንድ አንድ ምልክት አስቀምጪ።

አገራችን ላይ ልጅ «ተጨነቅሁ» አይልም፤ «ራሴን ነው» ይላል፣ «ሆዴን ያመኛል» ይላል። አያቷም በዚያው ቋንቋ ትመልሳለች፤ «በባዶ ሆድሽ ስትውይ ነዋ» ትላለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ዱዓ ታስደርጋለች። ዘይነባን የማይገባት ሰው አድርገሽ አትጻፊያት። ገብቷታል፤ ስም ብቻ ነው የሌላት።

ቅጠልያ ቀለም፦

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ሀያትን ያሳደገቻት አያቷ ከሆነች «እማዬ» የምትለው ዘይነባን ነው፤ እናቷን በስሟ «ሰዓዳ» ትላታለች። ደብተሩ ላይም እንደዚያው ተጽፏል፤ ትክክል ነው። ግን እባክሽ መጨረሻ ላይ ስልኩን አንሥታ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማዬ» አትበላት። ያንን አንባቢ ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ይጠብቀዋል። ይልቅ ከምዕራፍ 17 በኋላ «ሰዓዳ» ማለቱንም ትተወው፤ ምንም ሳትጠራ ታውራት። አማርኛ ይህን ይፈቅዳል፤ «ደወልሽ?»፣ «በላሽ?» ስትል ግሡ ራሱ ይጠቁማታልና ስም ሳያስፈልግ ይኬዳል።

አክብሮቱንም ለይ። ዘይነባ ሽማግሌ ስታናግር «አንቱ» ትላለች፤ ሀያት ትምህርት ቤት የለመደችው «እርስዎ» ነው። መምህሯን «ቲቸር» እንጂ «መምህር ሆይ» አትልም።

የውስጥ ንግግር ላይ «ብላ አሰበች» በዝቶብሻል። ቅንጣቶቹ ይሠሩልሻል። «ይሆን» ጥርጣሬ ነው፤ «እንዴ» ያልተጠበቀ ነገር ነው፤ «እኮ» የማያምናትን ሰው መለማመጥ ነው። «ለካ» ከሁሉም ትከብዳለች፤ ሰው ዘግይቶ የገባውን ነገር ነው የምትይዘው። በምዕራፍ አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በሦስት ምዕራፍ አንድ ጊዜ። በየገጹ ከመጣች ሀያት ሁሉ ነገር ዘግይቶ የሚገባት ልጅ ትመስላለች።

ጠጠር፦

ሸክሙ ከልጁ ዕውቀት በፊት የተጫነ ሲሆን እንዴት እንደሚከብድ ማየት ለፈለገ ፍቅር እስከ መቃብርን ይመልከት። በዛብህን ገና በልጅነቱ ነው ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት፤ ከዚያ በኋላ የሚመርጠው ሁሉ ከስለቱ ጋር ይጋጫል። ሰዓዳም ከመሄዷ በፊት የተናገረችው አንድ ነገር ይኑር፤ ሀያት የማታስታውሰው፣ ሌሎች ግን ሁልጊዜ የሚነግሯት። «እሷን ላስተምር ነው የምሄደው» ዓይነት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠቀስ ዓረፍተ ነገር ከባድ ነው።

የእርማት ቀለም፦

ስለ ጉዞው አንድ ማስታወሻ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አይሰማራም፤ ሥልጠናና የብቃት ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። ሀያት 18 የሚሞላት መቼ እንደሆነ ወስኚ። ጥር 2016 ላይ ካልሞላት ያለሽ ምርጫ የዕድሜ ማጭበርበር ነው፤ ያ ሌላ ልብ ወለድ ይሆንብሻል። ጥቅምት ላይ አስሞይላት፤ ምዕራፍ 20 ላይ ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ትነሣ።

ጦሳ ሥር፦

ምዕራፍ 14ን እንዲህ ቀየርኩት፤ ከማል አዲስ አበባ ያለው ዘመዷ ነው፤ እዩልኝ፦

«‹ደኅና ናችሁ? አንዋር እንዴት ነው?› አለ ከማል። ‹ደኅና ነው።› ‹ዘይነባስ? ግፊቷ?› ‹ደኅና ናት።› ከወዲያ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሀያት እርሳሱን ይዛ የደብተሩን ጀርባ አገላበጠች፤ የሚጻፍበት ንጹሕ ቦታ አጣች። ‹አርባ ሰባት› አለ ከማል። ‹ጎበዝ እኮ ነሽ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ከሁሉም…› ‹እሺ› አለች። ‹ሰዓዳ ከደወለች አልወጣም በላት።› ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ስልኩን ዘጋች። አንዋር ‹ሁለት ጊዜ አራት ስምንት ነው አይደል?› አላት።»

ሰባተኛ ረቂቅ፦

«ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ» የሚለው ይውጣ፤ «ስልኩን ዘጋች» ይበቃል። ከማልም «አርባ ሰባት» ብሎ ወዲያው አያጽናናት፤ አንድ ጡሩምባ ያህል ዝም ይበል። የመጀመሪያውን የጡሩምባ ዓረፍተ ነገር ከላይ አንሥተሽ እዚያ አስገቢው።

ቅጠልያ ቀለም፦

«ዘይነባስ? ግፊቷ?» የሚለው ላይ፦ ከማል የሰዓዳ ወንድም ልጅ ከሆነ ዘይነባ ለእሱም አያቱ ናት፤ በስሟ አይጠራትም። «እማማስ?» ይበል።